ባለሙያው ሲሞት ሙሾው የማን ድምፅ ነው?

በአማርኛ «ባለሙያ» የሚለው ቃል ያለ ቅጽል ብቻውን ሲነገር በመጀመሪያ የሚያስታውሰው ሐኪሙን ወይም መሐንዲሱን አይደለም። ወጧ የሚጣፍጥ፣ ጠላዋ የሚጠራ፣ ምጣዷ የማይከዳት ሴትን ነው። «እገሊት ባለሙያ ናት» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ አይጠየቅም፤ ቋንቋው የሙያን ሁሉ መነሻ ከማድ ቤት የቀዳ ይመስላል። የሚያስገርመው ግን ይህን ከፍተኛ ማዕረግ በአንደበቱ የሚሰጥ ኅብረተሰብ ባለሙያዋ በሞተች ጊዜ የሚያወርድላት ሙሾ ስለ ሙያዋ እምብዛም አለመናገሩ ነው። ለጀግናው ጠመንጃው፣ ለገበሬው በሬው፣ ለሽማግሌው ፍርዱ ይነሣል። የእርሷም እጅ አልፎ አልፎ ይነሣል፤ ነገር ግን የሚወደሰው የእጇ ለጋስነት እንጂ የእጇ ጥበብ አይደለም። አብልታለች ይባላል፤ እንዴት እንደ ሠራች አይባልም።

የታሪክ መዝገብም ከሙሾው እምብዛም የተሻለ አይደለም። አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው መጽሐፍ፣ እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ላዘጋጁት ግብር ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ማካን እንደሚለው ያ ግብር እንግዳ ማጥገብ ብቻ አልነበረም፤ የልዩ ልዩ አውራጃዎችን ምግብ በአንድ ማዕድ ሰብስቦ ብሔራዊ የሚባል የምግብ ሥርዓት እንዲታይ ያደረገ ፖለቲካዊ ድርጊት ነበር። አሳቡ አሳማኝ ነው። ይሁን እንጂ እቴጌይቱ በስም ሲነሡ፣ በዚያ ሁሉ ጢስ ውስጥ ቆመው በርበሬውን የደለዙት፣ ድስቱን ያማሰሉት፣ እንጀራውን የጋገሩት ሴቶች ከድግሱ ጋር አልፈዋል። ግብር የሚጠራው በአብይው ስም ነውና።

ይህን ሁሉ የሚያስነሣው የአንድ የባዕድ አገር ወጥ ሠሪ አሟሟትና ከሞቱ በኋላ የተለቀሰለት ልቅሶ ነው። አንቶኒ ቦርዴይን ሰኔ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁን 8 ቀን 2018) በፈረንሳይ አገር፣ በአልዛስ ክፍል፣ ካይዘርስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ለቴሌቪዥን ዝግጅቱ ፊልም በማንሣት ላይ እንዳለ በገዛ እጁ ሕይወቱን አጠፋ። ዕድሜው 61 ነበር። ሞቶ ያገኘው የልብ ጓደኛውና የሙያ አጋሩ ኤሪክ ሪፔር ነው። ወሬው በአንድ ጀንበር ዓለምን አዳረሰ፤ ምግቡን ቀምሶ የማያውቅ፣ በአካል ያላየው ሰው በየአገሩ አለቀሰለት።

ለመሆኑ ለምን ተለቀሰለት? ታላቅ ምግብ አብሳይ ስለ ነበረ አይደለም፤ አለመሆኑን ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። በኒው ዮርክ «ሌ ዛል» በሚባል የፈረንሳይ ምግብ ቤት ዋና አብሳይ ሆኖ ሲሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 «ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ስለ ምግብ ቤቶች ጓዳ ያወጣው ጽሑፍና በማግሥቱ ዓመት የታተመው «ኪችን ኮንፊደንሻል» የተሰኘው መጽሐፉ ናቸው ስሙን ያስጠሩት። የጽሑፎቹ ጉልበት በአዳራሹ ተቀምጦ የሚበላውንና ከግድግዳው ጀርባ በእሳት የሚጠበሰውን ሠራተኛ ፊት ለፊት ማገናኘታቸው ላይ ነው። በሀብታሙ ከተማ «የፈረንሳይ» እየተባለ በውድ የሚሸጠውን ምግብ በአብዛኛው የሚሠሩት ከሜክሲኮና ከኢኳዶር የመጡ ስደተኞች መሆናቸውን ያለ ማቋረጥ ጽፏል። በመጀመሪያው መጽሐፉ ስለ አንድ ዳቦ ጋጋሪ አንድ ሙሉ ምዕራፍ አለ፤ ሰውዬው አዳም ነው፤ የአባቱ ስም እንደማይታወቅም የምዕራፉ አርእስት ራሱ ይናገራል። የእንጦጦውን ግብር ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለቱ አይቀርም። ቢያንስ ግማሽ ስም ተገኝቷል።

ከጽሑፎቹ ሁሉ የሚልቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣው «ሚዲየም ሮው» በተባለው መጽሐፉ ውስጥ ስለ ሁስቶ ቶማስ የጻፈው ነው። ሁስቶ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ የመጣ፣ በሪፔር ምግብ ቤት በ«ሌ በርናርደን» ምድር ቤት ዓሣ የሚበልት ሠራተኛ ነው። በአንድ ቀን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ዓሣ ብቻውን ይበልታል። ቦርዴይን ይህን ሥራ የሚተርከው የቀዶ ሐኪምን ሥራ በሚተርክ ሰው አክብሮት ነው፤ የቢላዋውን አያያዝ፣ የቦታውን ንጽሕና፣ እያንዳንዱን ዓሣ እንደ ባሕርዩ ለያይቶ የማወቁን ነገር አንድ በአንድ ያሳያል። ከዚያ በኋላ ይህ ሰው ለዓመታት በሠራበት ቤት አዳራሽ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ በልቶ እንደማያውቅ ይነግረናል። ደራሲው በዚህ ብቻ አላበቃም፤ ሁስቶን ከምድር ቤት አውጥቶ በዚያው አዳራሽ ምሳ ጋበዘው። አንባቢ ልብ ይሏል፤ በዚህ ምዕራፍ ውስጥ መፈክር የለም። የሠራተኛውን ክብር ለማሳየት የሠራተኛውን ሥራ ጠንቅቆ ማሳየት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። «ለሰፊው ሕዝብ» እየተባለ በተጻፉ ብዙ ድርሰቶች ውስጥ ሕዝቡ ሲወደስ እንጂ ሲሠራ ሳይታይ የቀረበትን ዘመን ለሚያስታውስ የአገራችን ደራሲ ይህ ምዕራፍ ሊያስተምረው የሚችለው ነገር አለ።

ሙት ወቃሽ አያድርገን ማለት የአገር ልማድ ነው፤ ይሁን እንጂ ሂስ በልማዱ ብቻ ሊታሰር አይችልም። «ኪችን ኮንፊደንሻል» ኩሽናን የወንዶች ጦር ሰፈር አድርጎ የሣለ፣ ስድብንና ጉልበትን እንደ ጀግንነት ያስቆጠረ መጽሐፍም ነው። ቦርዴይን ይህን ጉድለት ለሌሎች አልተወውም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በምግብ ቤቶች ውስጥ በሴቶች ላይ ይፈጸም የነበረው በደል ሲጋለጥ፣ መጽሐፉ ያን ባሕል እንዲቀጥል ረድቶ እንደሆነ ራሱን በአደባባይ ጠይቋል። ከሞቱ በኋላ በጎረፉት የሐዘን ጽሑፎች ውስጥ ይህ የሕሊና ምርመራ እምብዛም ቦታ አላገኘም። የሚያስቆጨውም እዚህ ላይ ነው፤ ከመልካም ሥራዎቹ አንዱ ነውር እንዳይነሣበት በሚል ይሉኝታ ተሸፍኖ ቀረ።

ለኢትዮጵያውያን ይህ ሰው ፍጹም ባዕድ አልነበረም። «ፓርትስ አንኖውን» በተሰኘው ዝግጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ኢትዮጵያ የቀረበውን ክፍል የሠራው ከማርከስ ሳሙኤልሰንና ከባለቤቱ ከማያ ኃይሌ ጋር ነበር። ማርከስ ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ስለ ሞተችበት ከእኅቱ ጋር በስዊድን ያደገ፣ በኒው ዮርክ የታወቀ ምግብ አብሳይ ነው። የእናቱን ፎቶግራፍ አይቶ እንደማያውቅ በግለ ታሪኩ ጽፏል። ያን የቴሌቪዥን ክፍል ከተራ የጉብኝት ፊልም የሚለየው አቅራቢው ራሱን ወደ ኋላ መሳቡ ነው። ቦርዴይን አገር አሳይቶ ለመመስገን አልተሽቀዳደመም፤ የመሃሉን ቦታ ለማርከስ ለቀቀለት። ዋናው ጉዳይ ዶሮ ወጡ ወይም በርበሬው ሳይሆን፣ የትውልድ አገሩን ቋንቋ አጥርቶ የማይናገር አንድ ሰው በዘመዶቹ ማዕድ ሲቀመጥ በፊቱ ላይ የሚነበበው ነው። ምግብ በዚህ ክፍል ውስጥ የቋንቋን ሥራ ይሠራል፤ ቃል ያጣ ሰው በጉርሻ ይነጋገራል። በርግጥ አንዲት አገር በአንድ ሰዓት ፊልም አትጠቀለልም፤ ካሜራው ያላየው ካየው ይበልጣል። ሆኖም ኢትዮጵያ ለዓመታት በባዕድ ቴሌቪዥን ስትታይ የኖረችው በረሃብተኛ ፊት ነበርና፣ ባለማዕድ ሆና መቅረቧ ቀላል ነገር አልነበረም።

ልቅሶው ራሱስ ምን ይመስል ነበር? በኒው ዮርክ ተዘግቶ በነበረው በሌ ዛል ደጃፍ ሰዎች አበባና የጽሑፍ ማስታወሻ ደረደሩ። ሪፔርና ሌላው አብሳይ ሆሴ አንድሬስ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የልደቱ ቀን ጁን 25 በስሙ እንዲታሰብ ጥሪ አደረጉ። በሃኖይ ከተማ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከፕሬዚዳንት ኦባማ ጋር በፕላስቲክ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የ6 ዶላር ምሳ የበሉበት ጠረጴዛ በመስታወት ሣጥን ተከቦ ይታያል። የዚያ ምሳ ጣዕም የነበረው ግን ማንም ሰው ገብቶ ሊቀመጥበት በሚችል ጠረጴዛ ላይ መበላቱ ነበር። በመስታወት የተዘጋ ገበታ ላይ ማን ይበላል? ለባለሙያ የሚሠራ ሐውልት እንዲህ ሆኖ ከሥራው ጋር መጣላቱ የተለመደ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2021 በዳይሬክተር ሞርገን ኔቪል የተሠራው «ሮድራነር» የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ፊልሙ በብዙ መልኩ ጥሩ ነው፤ የጓደኞቹን ቁጣና ግራ መጋባት አይሸፍንም፤ ሟቹን መልአክ አያደርገውም። ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ ተመልካቹ የሚሰማው የቦርዴይን ድምፅ ሁሉ የቦርዴይን አልነበረም። 45 ሴኮንድ ያህሉ ከቀድሞ ቅጂዎቹ ተለቅሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው። ቃላቱ የእሱ ናቸው፤ ጽፏቸዋል። አንደበቱ ግን አላወጣቸውም። ፊልሙ ይህን ለተመልካቹ አልገለጸም፤ የታወቀው ዳይሬክተሩ ለመጽሔት በሰጠው ቃለ ምልልስ ነው። ፈቃድ ተጠይቆ ነበር ሲል፣ የሟቹ የልጁ እናት እኔ እንዲህ ያለ ፈቃድ አልሰጠሁም ስትል በአደባባይ ተናገረች። ብዙ ተመልካች ተቆጣ፤ ጥቂቶች ደግሞ «የጻፈው እሱ ከሆነ ምን ችግር አለው?» ብለው ተከራከሩ።

ለዚህ ክርክር የአገራችን ሙሾ መልስ አለው። አልቃሽ በሟቹ አንደበት መናገር ታውቃለች። በድንኳኑ መሃል ቆማ «እኔ» ስትል፣ «እኔ» የተባለው ሬሣ ሣጥን ውስጥ ያለው ሰው ነው፤ ከልጆቹ ጋር ይሰናበታል፣ ጠላቱን ይወቅሳል፣ ሚስቱን ያጽናናል። ሟቹ ያላለውን፣ ምናልባትም ያላሰበውን ታናግረዋለች። ከኔቪል ፊልም በእጅጉ የራቀች ፈጣሪ ናት። ይሁን እንጂ በድንኳኑ ውስጥ አንድም ሰው አይታለልም። ድምፁ የእርሷ ነው፤ የሻከረው ጉሮሮ፣ ነጠላዋን ያዞረችበት ወገብ፣ ደረቷን የምትመታበት እጅ ሁሉ የእርሷ መሆኑ ይታያል። ለቀስተኛውን የሚያስለቅሰው በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነው፤ ሟቹ መናገር ስላልቻለ ሌላ ሰው እንደሚናገርለት ማየቱ ነው። በሌላ አነጋገር ሙሾ የሞትን ዝምታ አይክድም፤ በዝምታው ላይ ቆሞ ያለቅሳል። በኮምፒዩተር የተሠራው ድምፅ ግን ዝምታውን ሰረዘው። ቴያትር የሚያውቅ ሰው ልዩነቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ አንዱ ትወና ነው፣ ሌላው በሰው ስም መፈረም ነው።

ይህ ጉዳይ ለምዕራብ ሸዋ ሰዎች የሩቅ አገር ወግ አይደለም። ከሆለታ በጊንጪ አድርጎ ወደ አምቦና ጉደር የሚዘልቀው መንገድ ታላላቅ ልቅሶዎችን ያውቃል። በአምቦ አጠገብ ቦዳ ላይ የተወለደው ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በዚያው በኒው ዮርክ ከተማ ሲያርፍ ሐዘኑ ከባድ ቢሆንም ድንገተኛ አልነበረም፤ ሕመሙ የቆየ ነበርና አገሪቱ ለመሰናበት ጊዜ አግኝታለች። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ምሽት አዲስ አበባ ላይ በጥይት የተገደለው ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ግን እንዲህ ዓይነት ዕድል አልተሰጠውም። ሃጫሉ የአምቦ ልጅ ነበር። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት በወህኒ ያሳለፈ፣ የመጀመሪያ አልበሙን አብዛኞቹን ዘፈኖች በእስር ቤት የደረሰ፣ በ«ማለን ጅራ» የብዙዎችን ቁጭት የተናገረ ሰው ነበር። ሐዘኑ ገና ሳይጀመር ክርክር ሆነ። አስከሬኑ የት ይረፍ በሚለው ላይ ግጭት ተነሥቶ ወደ አምቦ ጉዞ ጀምሮ የነበረው ቀብር ተሰናከለ፤ በመጨረሻ በሄሊኮፕተር ተወስዶ ሰኔ 25 ቀን ተቀበረ። በዚያው ሰሞን በተከተለው ሁከት ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ፤ ከነዚህ ሟቾች የብዙዎቹን ስም ከቤተሰባቸው በቀር የሚያነሣ የለም። አንድ ሕዝብ ባለቅኔውን አልቅሶ ለመቅበር እንኳ ጸጥታ ሲያጣ፣ ለሙሾ የሚሆን ጉሮሮ ከየት ይመጣል?

ከሞቱ በዓመቱ፣ ሰኔ 22 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ «ማል መሊሳ» የተሰኘው ሦስተኛ አልበሙ ወጣ። የቦርዴይን ፊልም በሲኒማ ቤቶች ከመታየቱ ሁለት ሳምንት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ማለት ነው። ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ማድመጥ ይጠቅማል። በአንዱ ውስጥ ሟቹ በሕይወት ሳለ፣ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ፣ በራሱ ሳንባ የተነፈሰው ድምፅ ይሰማል። በሌላው ውስጥ ሟቹ ሊያነበው ያላሰበውን የግል ደብዳቤ ሲያነብ ይሰማል። የመጀመሪያው አድማጩን ያሳዝነዋል፤ ድምፁ ያለቀ መሆኑ ይታወቃልና። ሁለተኛው አያልቅም፤ በፈለጉት ጊዜ ሌላ ዐረፍተ ነገር ሊጨመርበት ይችላል። ሙት የሆነ አርቲስት ነገ ስለ የትኛውም ፓርቲ፣ ስለ የትኛውም ሸቀጥ እንዲመሰክር ሊደረግ ነው ማለት ነው። የአንድ ዘፋኝ ሞት አገር ሊያቃጥል በሚችልበት ምድር የተሠራ ድምፅ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለማሰብ ብዙ ምናብ አያስፈልግም።

የቦርዴይን ሞት የሚያነሣው ሌላም ጉዳይ አለ፤ እሱም ራሱን ላጠፋ ሰው የሚለቀሰው ልቅሶ ነው። በቀድሞው የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲህ ላለው ሟች ፍትሐት አይደረግም፤ በየመንደሩም ምክንያቱ በሹክሹክታ ይነገራል፣ አልቃሽም አንደበቷን ትቆጥባለች። ምዕራባውያን ያደረጉት ተቃራኒውን ይመስላል፤ ብዙ ተናገሩ። ነገር ግን ንግግሩ ቶሎ ብሎ ተጠያቂ ወደ መፈለግ ዞረ፤ የፍቅር ታሪኩ ተመረመረ፣ የመጨረሻ የስልክ መልእክቶቹ እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣ ያልተፈቀደ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ተበተኑ፤ ዘመዶቹ ተቃወሙ። ዝምታውም ወሬውም አንድ ነገር ይሸሻሉ፤ በዓለም ሁሉ ማዕድ የተቀበለ ሰው ብቻውን ሊሆን መቻሉን።

ስሟ የሣር ቤት የሆነችው ደገኛዋ የጀልዱ ከተማ ጎጆ ዙሪያዋ ገብስና ድንች ነው። እዚያም እንደ ሌላው አገር ሁሉ ለቅሶ ሲደርስ በሐዘንተኛው ቤት እሳት አይነድም። የእድሩ ሴቶች ጎላውን ያወጣሉ፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ጎረቤት እንጀራውንና ወጡን በየተራ ያመጣል፤ ሐዘንተኛው እስኪጽናና ድረስ የሚያበሉት እነርሱ ናቸው። ስለ ሐዘን በተጻፉት ልብ ወለዶቻችንና ቴያትሮቻችን ውስጥ አልቃሿ በየመድረኩ ትታያለች፤ ከድንኳኑ ጀርባ በጢሱ መሃል የቆመችው ግን ገጸ ባሕርይ ሆና አታውቅም ማለት ይቻላል። ሁስቶ ቶማስን ከምድር ቤት ያወጣው ዓይነት ብዕር እርሷን ቢያገኛት ምን ሊጽፍ ይችል እንደነበር መገመት ለደራስያኑ የቀረበ የቤት ሥራ ነው። እስከዚያው ማዕድ ቤቱ በሌላ በኩል እየተከፈተ ነው፤ እንደ ዮሐንስ ገብረየሱስ ያሉ አብሳዮች በቴሌቪዥንና እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ መጽሐፍ የአገሩን ምግብ ከነሠሪው ለማሳወቅ ሞክረዋል።

ስለ ቦርዴይን ከተሠሩት መታሰቢያዎች ሁሉ ትክክለኛው የሥራ ባልደረቦቹ የሠሩት ነው። ሲሞት ለመጨረሻው የዝግጅት ዘመን ሊቀርቡ የታሰቡ ክፍሎች ገና አላለቁም ነበር። ከኮሜዲያኑ ካማው ቤል ጋር ኬንያ ላይ የሠራው ክፍል ብቻ በራሱ ጽሑፍና በራሱ ትረካ ተጠናቆ ነበር፤ እሱም እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2018 ቀረበ። ለቀሩት ክፍሎች ድምፁን የሚተካ ተራኪ አልቀጠሩም፤ ድምፁንም አልሠሩም። በቦታው ሲነጋገር የተቀዳውን፣ አብረውት የበሉትንና ካሜራውን የያዙትን ሰዎች ቃል እያያያዙ አቀረቧቸው። ትረካ መሰማት በነበረበት ቦታ የገበያው ጫጫታና የድስቱ መንተክተክ ይሰማል።